ማን አቀረበው? የበጌምድርና የስሜን የሕዝብ እንደራሴዎች



የዛሬው ንግግራችን ከአንድ ቃል ይነሣል። ቃሉ «እንደራሴ» ነው። እስቲ ለሁለት ክፈሉት። «እንደ» እና «ራሴ» ይሆናል። እንደ ራሴ ሆኖ የሚቆምልኝ፣ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ የሚናገርልኝ ሰው ማለት ነው። በዱሮው ዘመን ይህ ቃል የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። በንጉሥ ፈንታ ሆኖ አገር የሚያስተዳድር ሰው እንደራሴ ይባል ነበር። በኋላ ግን «የሕዝብ እንደራሴ» የሚባል ስም መጣ። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ ተሻገረ። ቃሉስ ተሻገረ፤ ሥልጣኑ አብሮ ተሻግሯል ወይ? ይህን የምንመረምረው በአንድ አገር ታሪክ ነው። እርሱም የቀድሞው የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነው።

ይህ ስም ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ የለም። ሽማግሌዎች ግን በደንብ ያውቁታል። ዋና ከተማው ጎንደር ነበር። በሥሩ ሰባት አውራጃዎች ነበሩት፤ ጎንደር፣ ወገራ፣ ስሜን፣ ጭልጋ፣ ሊቦ፣ ደብረ ታቦርና ጋይንት። የወገራ ሰው ለአውራጃ ጉዳይ ወደ ዳባት፣ የስሜን ሰው ወደ ደባርቅ፣ የጭልጋ ሰው ወደ አይከል ይሄድ ነበር። የሊቦ ሰው አዲስ ዘመን፣ የጋይንት ሰው ነፋስ መውጫ ይደርስ ነበር። አገሩ ሰፊ ነው። ከሱዳን ጠረፍ ቆላ ተነሥቶ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚሆነው ውርጭ ድረስ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ አገር እንደራሴ ተመርጦ አዲስ አበባ ይላክ ነበር።

ስለ ምርጫ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ማን መረጠው?» ብለን ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ። «ይህን ሰው እጩ አድርጎ ማን አቀረበው?» ማለት ያስፈልጋል። እጩ ማለት ለመመረጥ የቀረበ ሰው ነው። ገበያ ሄዳችሁ ከሁለት በሬ አንዱን ምረጡ ብትባሉ፣ መምረጡንስ መረጣችሁ። ሁለቱን በሬዎች ወደ ገበያው የነዳቸው ግን ሌላ ሰው ነው። በበጌምድርና በስሜን ታሪክ ውስጥ በሬ ነጂው በየዘመኑ ተለዋውጧል። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያ አገር የምርጫ ታሪክ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የደጋው ገበሬ ወኪል ማቆም አያውቅም ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። ገበሬው በወሰን ሲጣላ ሽማግሌ ይቆጥራል። ስለ ርስቱ ሲከራከር ተሟጋች ያቆማል። በብዙ ስፍራ የጭቃ ሹምነት ሥራ እንኳ ከአንዱ አባት ዘር ወደ ሌላው በየተራ ይዞር ነበር። ጭቃ ሹም ማለት ግብር የሚያስከፍል፣ ትእዛዝ የሚያደርስ የመንደር ሹም ነው። ይኸ ሰው ቢበድል የሚሸሽበት የለውም። ነገ በተራው ጎረቤቱ ይሾማል፤ በማኅበር ጽዋ፣ በለቅሶ፣ በደቦ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ስለዚህ ቢያንስ ይፈራል።

ችግሩ የሚጀምረው ነገሩ ከመንደር ሲወጣ ነው። ከመንደር በላይ ያለው ሹም ከላይ የሚሾም ነው። ገበሬው ወደ ላይ የሚናገርበት ዋናው መንገድ አቤቱታ ነበር። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ ጀምሮ በግንቡ ደጅ ቆሞ «አቤት!» ያለው ሰው ስንት ይሆን? አቤት ማለትና መወከል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አቤት የሚል ሰው በደል ከደረሰበት በኋላ ፍርድ ይለምናል። ወኪል ያለው ሰው ግን ሕጉ ገና ሲወጣ ቃሉ ይሰማለታል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንምጣ። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አርአያ ያደረጉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። በበጌምድር ዘመኑ የመረረ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በአንችም ጦርነት ላይ ሞተው ነበር። ከዚያ በኋላ በጌምድር ለሸዋው መኰንን ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ። አገሩ ኀዘኑን ገና አልጨረሰም፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ «ምክር ቤት ሊቆም ነው» የሚል ወሬ መጣ።

ምክር ቤቱ ሁለት ነበር። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባላል። የእርሱን አባሎች የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላል። የአውራጃና የወረዳ ሰው ይገባበታል የተባለው ይኸ ነው። ይሁን እንጂ አባሎቹን ገበሬው አልመረጣቸውም። የመረጧቸው መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ምክንያት ሰጥቷል። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው እንዲህ ይሁን ይላል። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል አስተውሏት። ለ26 ዓመት ያህል ቆይታለች! እርግጥ ነው፣ በመካከሉ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ነበር። ጎንደር ነጻ የወጣችው ከሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ዘግይታ፣ በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ምክር ቤቱ እንደገና ሲከፈት ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጠም። ያቀረበውም የመረጠውም ያው የላይኛው ሰው ነበር። ሕዝቡ መምረጥ አይችልም ተባለ፤ መቻል አለመቻሉን ግን ማንም አልፈተነውም። ሽማግሌ መርጦ ደም የሚያስታርቅ ሕዝብ እንደራሴ መምረጥ እንዴት ያቅተዋል?

በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ለምን ተሻሻለ? አንዱ ምክንያት ኤርትራ ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ ሕዝቡ የመረጠው ምክር ቤት ይዛ ነው የመጣችው። አስመራ የሚመረጥ ምክር ቤት ኖሮ ጎንደርና ደሴ የማይመረጥ ከሆነ ነገሩ አያምርም። ስለዚህ ከመረብ ወዲህ ያለው ሕዝብም እንዲመርጥ ተፈቀደ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። አገሩ ሁሉ በምርጫ ወረዳ ይከፈላል። አንድ የምርጫ ወረዳ 200,000 ያህል ሰው ይይዛል። ከእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴዎች ይመረጣሉ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው እንደራሴ ይልካል። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሚኖርበት ወረዳ ድምፅ ይሰጣል። እጩ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት፣ በወረዳው መኖርና በወረዳው ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የሥራ ዘመኑ 4 ዓመት ነው።

ሴቶች ድምፅ መስጠት መቻላቸውን በቀላሉ አንለፈው። በአውሮፓ መካከል ያለችው ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም የሕግ መምሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በደጋው መንደር ያለችው እናት ግን በወረቀት ያገኘችውን መብት ለመጠቀም ልጇን አዝላ፣ ቤቷን ለማን ትታ ነው ምርጫ ጣቢያ የምትሄደው? ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያሰቡበት አይመስልም።

አሁን ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ለ200,000 ሰው ሁለት እንደራሴ ማለት ለአንዱ 100,000 ሰው ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ እንደራሴ በቀን 100 ሰው እያነጋገረ ወረዳውን ቢዞር፣ ሁሉን ለማዳረስ 1,000 ቀን ይፈጅበታል። ይህም ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ነው። የሥራ ዘመኑ ደግሞ አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያውም ላይ አብዛኛው የሚያልፈው ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላይ ነው። መንደሮቹም በመኪና የሚደረስባቸው አልነበሩም። ከጎንደር በዳባት በኩል ደባርቅ፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ አለ። ከዚያ መንገድ ወጥቶ ወደ ጃን አሞራና ወደ በየዳ የሚሄድ ሰው ግን በቅሎና እግሩን ነው የሚተማመነው። በእነዚያ ገደሎች መካከል ያለ ገበሬ እንደራሴውን በዓይኑ ሳያየው የሥራ ዘመኑ ቢያልቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረም ወር ላይ ነው። በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም፤ ሳምንታት ወስዷል። ወንዞቹ ገና ሞልተዋል፤ አዝመራው ገና አልተሰበሰበም። በመላው አገር 210 ወንበሮች ነበሩ፤ በኋላ ወደ 250 ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጓል። በጠቅላላው አምስት ጊዜ መሆኑ ነው።

መራጩ ማንበብ ካልቻለ የእጩውን ስም በምን ይለያል? ያን ጊዜ ከአሥር ሰው ማንበብ የሚችል አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ለእጩዎች ምልክት ይሰጥ ነበር። መራጩ ምልክቱን አይቶ ይመርጣል። ይህን ዘዴ ሌሎች አገሮችም ተጠቅመውበታል። ሕንድ በ1944 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ምርጫ ስታደርግ ትልቁ የኮንግረስ ፓርቲ የያዘው ምልክት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች! ለሕንድ ገበሬ ከዚህ የበለጠ ምን ይነበባል? እዚያ ግን አንድ ልዩነት አለ። የሕንዱ ምልክት የፓርቲ ምልክት ነው። ፓርቲ ማለት አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው በአንድነት የቆሙ ሰዎች ማኅበር ነው። በሬዎቹን የመረጠ ሰው ይዘውት የሚመጡትን ሐሳብ በመጠኑም ቢሆን ያውቃል። በእኛ አገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እያንዳንዱ እጩ ለብቻው ይቆማል። ምልክቱ የአንድ ሰው ምልክት ነው፤ ከኋላው ሐሳብም ማኅበርም የለም። ገበሬው ምልክቱን ያየዋል፤ ከምልክቱ በስተጀርባ ያለውን ግን ማን ይንገረው?

ታዲያ በዚህ ዘመን እጩን ማን አቀረበው? በደንቡ መሠረት ሰውየው ራሱን ያቀርባል። በእውነቱ ግን ያቀረበው ንብረቱ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም በጎንደር አገር ነገሩ ልዩ ጠባይ አለው።

በደጋው የመሬቱ ሥርዓት ርስት ነበር። ርስት ከአባት ወይም ከእናት ዘር ተቆጥሮ የሚገኝ መሬት ነው። ዘሩን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ይካፈላል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን መሬት ያለው ገበሬ ብዙ ነበር። ነገር ግን ከርስት የተገለሉ ነበሩ። ቤተ እስራኤል በብዙ መንደሮች ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ ናቸው፤ የሚያርሱትም መሬት ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ነበር። በጎንደር ከተማ በአዲስ ዓለም ሠፈር የሚኖረው ሙስሊም ነጋዴና ሸማኔም በቆየው ልማድ ርስት አይደርሰውም ነበር። የ1948ቱ ሕግ «እገሌ በሃይማኖቱ እጩ አይሆንም» አላለም። «ንብረት ያለው» ነው ያለው። ግን ንብረት ማን እንዲኖረው የፈቀደው ሌላ አሮጌ ልማድ ነበር። አዲሱ ሕግ በአሮጌው ልማድ ላይ ሲቆም በሩ ለአንዱ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ሆነ። ሀብታም ነጋዴ በሚንቀሳቀስ ንብረቱ ሊገባ ይችል ይሆናል። የመንደሩ ቀጥቃጭ ግን በየትኛው በር ይግባ?

ርስት ያለው ተራ ገበሬስ? እርሱም ቢሆን እጩ ለመሆን ገንዘብ ያስፈልገዋል። ወረዳውን የሚዞርበት በቅሎ፣ ስንቅ፣ የሚያስተናግደው እንግዳ አለ። ማጭዱን ጥሎ፣ ሞፈሩን ሰቅሎ ለሳምንታት መዞር አይችልም። ስለዚህ የቀረቡት ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ባላባቶች፣ የመንግሥት ሥራ የነበራቸው ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ኋላ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ነበሩ። ታላላቆቹ መሳፍንትና መኳንንት ለዚህ አልተጨነቁም። ንጉሠ ነገሥቱ ሾመዋቸው በሕግ መወሰኛው ይቀመጡ ነበር። ሕግ መምሪያው ያሳለፈውን እነርሱ ካልተስማሙበት ይቆማል። ሁለቱ ቢስማሙም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሕግ አይሆንም።

እዚህ ላይ ለእነዚያ እንደራሴዎች ፍርድ እናድላ። ሁሉም ዝም ብለው የተቀመጡ አልነበሩም። ከ1957 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተለይ ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ነበር። አሥር እንደራሴዎች ከተባበሩ የሕግ ሐሳብ ማቅረብ ይችሉ ነበር። ግን ፓርቲ የሌለው ምክር ቤት ክር እንዳልገባበት ዶቃ ነው። የወገራው ለወገራ መንገድ ይጠይቃል፤ የጋይንቱ ለጋይንት ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ተሰብስበው አንድ ነገር ለማድረግ የሚያስተሳስራቸው የለም።

ይህ ሁሉ የተፈተነው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ዱሮ ይከፈል የነበረው አሥራት ቀረና በምትኩ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል ተባለ። ሕጉ በምክር ቤቱ ብዙ አከራክሯል። በሐሳቡ ሲታይ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ሆኖም በበጌምድርና በጎጃም መሬት አልተለካም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ሌላው አገር ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ሲደለደል በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ በቆየው ልማዳቸው እንዲከፍሉ ተትተው ነበር። የርስቱ ሰው «ገቢህን ልገምት» የሚል ሰው ሲመጣ የሚታየው ከኋላው ያለው ቀላድ ነው። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። ዛሬ ከገመቱት ነገ ይለኩታል፤ ከለኩት በኋላ ይወስዱታል ብሎ ይፈራል።

ከዓባይ ማዶ በጎጃም ገበሬው በዚያው ዓመት ተነሣ። ነገሩ ወደ ጦር መሣሪያ ደረሰ፤ የመንግሥት አውሮፕላኖችም ቦምብ ጣሉ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም በዚያ አገር በታሰበው መልክ ሳይሰበሰብ ቀረ። አሁን አንድ ነገር አስቡ። ጎጃምም እንደ በጌምድር ሁሉ እንደራሴዎች ነበሩት፤ ሕጉ ሲወጣ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ። ገበሬው ግን ሲቸግረው «እንደራሴዬ የት አለ?» አላለም። ሽማግሌ መርጦ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላከ። ከዚያም ጠመንጃውን አነሣ። ሦስት ምርጫ ከተደረገ በኋላ እንኳ የሚያውቀው መንገድ ያው የጥንቱ «አቤት» ነበር። ለእኔ ስለ ዘመኑ ውክልና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሌላም ፈተና ነበር። በደቡብና በሌላው አገር ላለው ጭሰኛ የሚያስፈልገው የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ሕግ ነው። ረቂቁ በ1960ዎቹ ለምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ንብረት ያለው ብቻ የሚቀርብበት ምክር ቤት የንብረት የሌለውን ሕግ ሲያጓትት ምን ያስደንቃል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ምክር ቤቱንም ዘጋ። በዚያው ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጠቅላይ ግዛት የሚለው ስም ቀርቶ «ክፍለ ሀገር» ተባለ። የጎንደር ክፍለ ሀገር ሕዝብ ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመት ያህል በአገሪቱ ምክር ቤት እንደራሴ አልነበረውም፤ ምክር ቤቱ ራሱ አልነበረማ!

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለአዲስ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ሰኔ 7 ቀን ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሆነ። ሸንጎው 835 አባላት ነበሩት። እዚህ ላይ ንብረት አልተጠየቀም። ገበሬም፣ ሠራተኛም፣ ወታደርም ገብቷል። ታዲያ ማን አቀረበው ስንል መልሱ አጭር ነው። በአገሪቱ የተፈቀደው ፓርቲ አንድ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ። እጩዎቹን ያቀረቡት ፓርቲውና በሥሩ ያሉት የብዙኃን ማኅበራት፣ የጦሩም ክፍሎች ናቸው። ባላባቱ ከበሩ ተነሣ፤ በቦታው ፓርቲው ቆመ።

ይህ ሸንጎ ለጎንደር ያደረገው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሥራ እንደጀመረ አገሪቱን በአዲስ መልክ ሲከፍል የጎንደር ክፍለ ሀገርን ሰሜን ጎንደርና ደቡብ ጎንደር ብሎ ለሁለት ከፈለው። ሰኔ ላይ የጎንደር ክፍለ ሀገር ሰው ሆኖ የመረጠ ገበሬ፣ በመስከረም ክፍለ ሀገሩ የለም ተባለ።

የምርጫ አገር ስም መጥፋቱ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚሆን አይደለም። በካናዳ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ከተደረገ በኋላ የምርጫ ወረዳዎች ወሰን እንደገና ይሠመራል። አንዳንዱ ይከፈላል፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ይቀላቀላል፣ ስሙም ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ምንድን ነው? እዚያ ወሰኑን የሚያንቀሳቅሰው የሰው ቁጥር ነው፤ ሥራውንም የሚሠሩት ከፓርቲ ነጻ የሆኑ ኮሚሽኖች ናቸው። በእኛ አገር ግን ካርታውን የለወጠው የመንግሥት መለወጥ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ስላያችሁት አላስረዝመውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አቋቋመ። ወንበሮቹ 547 ናቸው፤ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ከእንግዲህ አንድ የምርጫ ክልል የሚልከው አንድ ተወካይ ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ሰሜን ጎንደር የተባለው ዞንም በ2010 ዓ.ም. ሦስት ሆነ። ደባርቅ የሰሜን፣ ጎንደር የማዕከላዊ፣ ገንዳ ውኃ የምዕራብ ጎንደር ዞኖች መቀመጫ ሆኑ። «እንደራሴ» የሚለው ቃልም እየቀረ «ተወካይ» በሚለው ተተካ።

በዚህ ዘመን ፓርቲዎች ብዙ ናቸው፤ ማን አቀረበው የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የንብ ምልክት የያዘው ኢሕአዴግ 327 ወንበር ሲያገኝ፣ ሁለት ጣት የያዘው ቅንጅት 109 አገኘ። ያን ጊዜ የደጋው ገበሬ በምልክቱ ላይ ሲከራከር የሚከራከረው ስለ ሐሳብ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ግን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ሁሉንም 547 ወንበሮች ወሰዱ። ሁሉም ከአንድ በኩል ከሆኑ፣ የደባርቅ ሰው ቅሬታውን በማን አፍ ይናገር? በ2013 ዓ.ም. በሰኔ በተደረገው ምርጫም ውጤታቸው ከተነገረው 436 ወንበሮች ብልጽግና ፓርቲ 410 ሲይዝ፣ ጥቂቶቹን ሌሎች ፓርቲዎችና የግል ተወዳዳሪዎች አግኝተዋል። የግል ተወዳዳሪ ማለት በፓርቲ ሳይሆን በራሱ የቀረበ ሰው ነው፤ እንደ 1950ዎቹ እጩዎች፣ ግን ንብረት ሳይጠየቅ።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ላይ ሁለት ነገር ይላል። ተወካዩ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በሦስቱ ውስጥ «ለፓርቲው» የሚል ቃል አታገኙም። ሁለተኛው ደግሞ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት እንደሆነ ተወካዩ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሣ ይችላል የሚል ነው። ይህ አንቀጽ በአማርኛ የተጻፈ፣ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነው። ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ልታነቡት ትችላላችሁ።